ቡችላ ቤት ውስጥ እንዳይሸና፦ ሰዓት፣ ሳጥን፣ ሳፋ ወይስ ቃጭል?

ቡችላ ልትወስዱ ነው? እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው? የዝርያው ነገር፣ የስሙ ነገር፣ ምን ይብላ የሚለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። የቱ ዘዴ እንደሚሻላችሁ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ቡችላው ከሚተኛበት እስከ አፈሩ ድረስ ስንት እርምጃ አለ የሚለው። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ትምህርቱም የተሰጠኝ በእናቴ የመንዝ ባና ላይ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቡላን የወሰድኩት በኅዳር፣ ሁለት ወር ሲሞላው ነው። ቡላ ያልነው ከቀለሙ ነው። እማዬ ገና ስታየው "ውሻ በደጁ ነው የሚያምርበት" አለች። እውነቷን ነው፣ ያደግነውም እንደዚያ ነው። ግን ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስንነሳ ሣሩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ገና ከእናቱ የተለየ ቡችላ እንዲህ ባለ ሌሊት ደጅ አይጣልም። ጅቡም አለ። ስለዚህ ቤት ገባ።

ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ባናው ተነጥፎበታል። አሸተተ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ዝቅ አለ። "ሊተኛ ነው፣ ሲያሳዝን" አልኩ። ሊተኛ አልነበረም። ሱፍ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ሽታው ለቀቀ አልን። አየሩ ሲረጥብ ተመልሶ መጣ። ባናው ታጥፎ የልብስ ሳጥን ገባ።

ያ ዙር ምን ማለት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ባናው ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ከዘዴው በፊት ስለ ምልክቱ እናውራ፤ ከታች የማነጻጽራቸው መንገዶች በሙሉ ምልክት የማያይ ሰው እጅ ሲገቡ አይሠሩምና።

ሽንት ሲይዘው እንዴት ይታወቃል

የሚጫወት ቡችላ ድንገት ያቆማል። ጨርቅ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ቆይቶ አፉ ውስጥ ያለውን ይጥልና ሰው የጠራው ይመስል ቀጥ ይላል። ያኔውኑ ተነሱ። ቀጥሎ አፍንጫው ወለል ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማሽተት አለ፣ እኔ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ፍርፋሪ የሚፈልግ ቡችላ ይንቀዋለላል፣ እዚህም እዚያም ይልሳል፣ ስሙን ስትጠሩት ቀና ይላል። ሽንት የያዘው ግን ይቸኩላል፤ አንዲት ቦታ ላይ ይመላለሳል፤ ብትጠሩትም ጆሮ አይሰጣችሁም። ከዚያ ይዞራል። መዞር ከጀመረ የቀራችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ጫማ ለመፈለግ አይበቃም። ለዚህ ነው በሩ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ነጠላ ጫማ የሚቀመጠው።

ዓይነ ምድር ሲሆን ዙሩ ይበዛል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጅራቱ ከሥሩ ከፍ ይላል። ወንዱም ሴቷም ቡችላ ሲሸኑ ዝቅ ብለው ነው። ወንዱ እግሩን ማንሳት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። እግሩን እስኪያነሳ የምትጠብቁ ከሆነ ወለሉ ቀድሟችኋል።

በር የሚቧጭር፣ የሚነጫነጭ፣ መጥቶ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይ ቡችላ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙው ግን ዝም ብሎ ይሰወራል። ከሶፋ ኋላ፣ ከአልጋ ሥር፣ እንግዳ ወደማይገባበት ክፍል። ቤቱ ድንገት ፀጥ ካለ የቡችላውን መልካምነት አታድንቁ፣ ፈልጉት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ለዩ። ወደ ቤት ስትገቡ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ሆዱን ለወለሉ አስጠግቶ፣ ጅራቱን እየቆላ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቡችላ አለ። እሱ ሽንት መያዝ አቅቶት ሳይሆን በደስታ ወይም በፍርሃት ነው። ብትቆጡት ይብስበታል። ደጅ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ሳትጮኹ፣ በጎን በኩል ሰላም በሉት። አብዛኛው ሲያድግ ይተወዋል።

ምልክቱ ቢያመልጣችሁም ሰዓቱ አያመልጣችሁ። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነቃ ይሸናል፤ ይህ ሁልጊዜ ነው። ከበላ በኋላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጀቱ ይነቃቃል። ከጨዋታ በኋላ፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ፣ እንግዳ መጥቶ ከፈነደቀ በኋላም እንደዚሁ። ምን ያህል መያዝ ይችላል ለሚለው፣ በወሩ ልክ አንድ አንድ ሰዓት አስቡና አንድ ጨምሩ፦ የሁለት ወሩ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የሦስት ወሩ አራት። ይህ ግን ዝም ብሎ ሲተኛ ነው። እየተጫወተ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። ጡንቻው በደንብ የሚታዘዘው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት "አውቆ ነው" የምትሉት ነገር የለም።

ሰዓት ጠብቆ ማውጣት

ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ቤት የሚውል ሰው ካለ። አያት፣ እናት፣ ቤት ሆኖ የሚሠራ፣ በረንዳው ላይ ስፌት የሚሰፋ፣ ማንም ይሁን። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሳይሰለቹ መነሳት ነው።

ቀኑን በየሁለት ሰዓቱ ታወጡታላችሁ፤ በዚያ ላይ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከጨዋታ በኋላ ያለውን ትጨምራላችሁ። ለቡላ ጠዋት 12 ሰዓት ሲነቃ አንዴ፣ ቁርሱን በልቶ ሩብ ሰዓት ሲሆነው አንዴ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ማታ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዴ። ቦታው ሁሌም አንድ ነው። እኛ ጋ ከቆጡ ጀርባ ያለው ሰርዶ ነው። ከዓይነ ምድሩ ትንሽ እዚያው ተዉለት፣ ሽታው ያስታውሰዋል። አንድ ቃል ምረጡ፣ እሱኑ ብቻ በሉ። የእኔ ቃል "ቶሎ በል" ነበር። የሰፈር ልጆች አሁንም ይስቁብኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽልማቱ ላይ ነው። ሸንቶ ሲጨርስ እዚያው፣ አንድ ሁለት ሳይባል ይሰጠዋል። ጥፍር የምታህል የበሰለ ሥጋ ትበቃለች፣ የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭም ይሆናል። ቤት ገብቶ ከሰጣችሁት የተሸለመው ለመግባቱ ነው። እንዲያውም በሚቀጥለው ቀን በቶሎ ለመግባት ሲል ሳይጨርስ ይሮጣል። ሌላው ስህተት፣ እንደሸና ወዲያው ማስገባት። ደጅ መጫወት የሚወድ ቡችላ "ሸናሁ ማለት ጨዋታው አለቀ" ብሎ ያስብና ይይዛል። ትንሽ አጫውቱት፣ ከዚያ ግቡ።

አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ምንም ካላደረገ ይግባ፣ ግን አትልቀቁት። እቅፋችሁ ውስጥ ወይም ከወገባችሁ በታሰረ ገመድ ይሁን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና። ደጅ እንቢ ብሎ ቤት እንደገባ የሚለቀውን ቡችላ የሚያቆመው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ብርዱ። ሌሊት 8 ሰዓት፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ የስልክ መብራት ይዤ ቆሜያለሁ። ቡላ ውርጩ ላይ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ያን ያወርድና ሌላውን ያነሳል፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ በሩ። ሩቅ ጅብ ይሰማል። ገመዱን አልለቅም። በመጨረሻ ዝቅ ሲል ከሥሩ እንፋሎት ይነሳል፣ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሆኖ ይቀልጣል። ይህን ወር ሙሉ በየሌሊቱ ማየት ካልቻላችሁ ቡችላ በኅዳር አትውሰዱ። በሚያዝያ ውሰዱ። ምክሬ ነው።

ለውርጭና ለክረምት አንድ መላ አገኘሁ። ጣሪያው በሚከልለው ጥግ፣ ያው ቦታ አጠገብ፣ የገብስ ጭድ በተንኩለት። እግሩ አልቀዘቀዘም፣ ነሐሴ ዝናቡ ሲያስገመግምም እዚያው ሄደ። ጉዳቱ፣ ጭድ ሁሉ የእሱ መሰለው። የጎረቤት በግ የሚተኛበት ላይ ሳይቀር ሄዶ ሸናበት። ከጎረቤት ጋር አስታርቁን እስከ መባባል ደርሰን ነበር።

ሳጥን

ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ሳጥኑ የሚሠራው በዚህ ብቻ ነው። አናጢ ጋ ሄዳችሁ ከጣውላ ታሠራላችሁ፣ በሩ ወንፊት ሽቦ ይሆናል፣ አየር እንዲገባ። መጠኑ ቆሞ ጭንቅላቱ የማይነካ፣ መዞር የሚችል፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት። ከዚያ አይበልጥ። ነገ ያድጋል ብላችሁ ትልቅ ካሠራችሁ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ትልቁን አሠርታችሁ መሐሉን በሳንቃ መክፈል ይቻላል፣ ባደገ ቁጥር ሳንቃውን ትገፉታላችሁ። ጣውላ ሽንት ይጠጣል፤ ሥሩን ላስቲክ አልብሱት፣ በላዩ አሮጌ ጨርቅ።

ለሌሊት ከሳጥን የሚበልጥ አላየሁም። አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት። ሲነጫነጭ ትሰማላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ ታወጡታላችሁ፣ ሳትጫወቱ ሳታወሩ ትመልሱታላችሁ። ቀን ደግሞ ወጥ ስትሠሩ፣ ልብስ ስታጥቡ፣ ዓይናችሁ እሱ ላይ ሊሆን ባልቻለበት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ይጠቅማል። ምግቡን እዚያ ስጡት፣ ቤቴ ይበለው። ሲያጠፋ የሚታሰርበት እስር ቤት ካደረጋችሁት ግን አይገባም፣ ቢገባም ሲጮህ ያድራል።

ግን ይህን ስሙኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ቆልፋችሁበት ማታ 11 ሰዓት የምትመለሱ ከሆነ ሳጥኑን አታሠሩ። የሁለት ወር ቡችላ ዘጠኝ ሰዓት አይችልም። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለቀዋል፣ ከዚያ ላዩ ላይ ይተኛል። ሳምንት እንዲህ ከሆነ መኝታዬን አላቆሽሽም የሚለው ጠባዩ ይሞትና ሳጥኑ የቆመበት ነገር ራሱ ይጠፋል። በኋላ እሱን መመለስ ከዜሮ ከመጀመር ይከብዳል። ገበያ ላይ በጠባብ ሳጥን ተጨናንቀው የቆዩ ቡችሎችም እንዲሁ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ከገዛችሁ ሳጥኑን ለጊዜው ርሱት።

ጋዜጣና ሳፋ

ቀን ሰው ለማይውልበት ቤት፣ በተለይ ለኮንዶሚኒየም፣ የቀረው ምርጫ ይህ ነው። አንድ ጥግ ታጥሮ ይሰጠዋል፣ አንዱ ዳር መኝታና ውኃ፣ ሌላው ዳር መጸዳጃ። ጥያቄው መጸዳጃው ምን ይሁን ነው።

ብዙ ሰው ጋዜጣ ያነጥፋል። ርካሽ ነው፣ ጠቅልሎ መጣል ነው። ግን ቡችላ ሁለት ወር ገደማ ላይ እግሩ የሚረግጠውን ነገር ነው የሚለምደው። ወረቀት ላይ የለመደ ወረቀት ይፈልጋል። የልጃችሁ የፈተና ወረቀት ወለል ላይ ከወደቀ እሱም ጋዜጣ ነው። ምንጣፍም ለስላሳ ስለሆነ ከአፈር ይልቅ ወደ ጋዜጣ ይቀርብበታል። በኋላ ደጅ አውጥታችሁ ሰዓት ሙሉ ትቆማላችሁ፣ ይመለሳል፣ ጋዜጣው ላይ ይሸናል። ሥራው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ነው፦ ማስለመድ፣ ከዚያ ማስረሳት።

ሳፋ ይሻላል። ጎኑ ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ ወይም ጠርዝ ያለው ሳንቃ ላይ ከነአፈሩ የተነሳ ሣር አድርጉ፣ በረንዳ ላይ አስቀምጡ። እግሩ ሣር ስለለመደ ደጅ ሲወጣ ግራ አይገባውም። ዓይነ ምድሩን ወዲያው አንሱ፣ ሽንቱን ውኃ ከልሱበት፣ ሣሩን በየሳምንቱ ወይም ሽታው ሲበረታ ቀይሩ። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ከአናጢ ቤት በነጻ ይገኛል፤ ግን አንዳንዱ ቡችላ ይበላዋል፣ ደግሞ በፀጉሩ ተሸክሞ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ሳፋውን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አታድርጉ። ወደ በሩ ማስጠጋት ስትፈልጉ በቀን አንድ እርምጃ ያህል ብቻ።

ለሳፋ አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ክትባት። የቡችላ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ይጀምርና እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። እስከዚያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚሸናበት መንገድ ዳር ማውጣት አደገኛ ነው፤ ቡችላን በተቅማጥና በትውከት የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። የታጠረ ግቢ ላለው ሰው ይህ ያን ያህል ጭንቀት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ግን ነው። ከፎቅ ስታወርዱት ደግሞ ታቅፋችሁ ይሁን። በእግሩ ካወረዳችሁት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይለቀዋል፣ ከዚያ ከጎረቤት ጋር ነገር ነው።

ደጅ መተው

የለመድነው ይህ ነው፣ ስለዚህ አልፌው ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። ሸዋ ሮቢት ብኖር ምናልባት ክርክሬ ይለዝብ ነበር። እዚያ ሙቀት ነው፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ቡችላው ራሱ ይወጣል ራሱ ይገባል። ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ከእኔ ሁለት ሰዓት ላይ ቀንሱ። ከጣርማ በር ወዲህ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ትንሽ ቡችላ ሌሊት ደጅ ማሳደር የበሽታ ነው፣ የጅብም ነው።

ደጅ ያደገ ውሻ ንጹሕ የሚመስለን ቤት ስለማይገባ ነው። መያዝን አልተማረም፣ በመጣበት ሰዓት በቆመበት ይለቀዋል። የፋሲካ ዕለት ልጆቹ ጎትተው ሲያስገቡት ቄጠማው ላይ ይሸናል። ምን ያድርግ፣ ሣር ነው። በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ደግሞ የሚተኛበትን ለማቆሸሽ ተገዷል፤ እሱን በኋላ ሳጥን ማስለመድ በጣም ይከብዳል።

ቃጭል

በር እጀታ ላይ ትንሽ ቃጭል ይንጠለጠላል፣ ቡችላው በአፍንጫው ይመታዋል፣ በሩ ይከፈታል። ደስ ይላል። ማስለመዱም ቀላል ነው፤ በወጣችሁ ቁጥር አፍንጫውን ቃጭሉ ላይ አስነክታችሁ ወዲያው ትከፍታላችሁ። ግን ይህ ማስለመጃ አይደለም፣ መጥሪያ ነው። ደጅ መሸናትን ላልለመደ ቡችላ ምንም አይጠቅምም። አንድ ወር በሰዓቱ ሲወጣ የቆየ፣ ምልክት ማሳየት የማይወድ ዝምተኛ ቡችላ ካላችሁ ሞክሩት። ቡላ በሦስት ቀን ለመደው። በአራተኛው ቀን በጎቹን ለማየት መደወል ጀመረ። በሰዓት ስድስት ጊዜ ስነሳ ውዬ አውርጄዋለሁ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሰው የሚውልበት፣ ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ቀን ሰዓት፣ ሌሊት ሳጥን። ሌላ አታስቡ። ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ምሳ ሰዓት የሚመጣ ሰው ፈልጉ፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን፤ ቀሪውን ቀን የታጠረ ጥግና የሣር ሳፋ፣ ማታና ጠዋት ግን ሰዓት። ምሳም የሚመጣ ከሌለ ቡችላ ሳይሆን ያደገ ውሻ ውሰዱ፤ የዓመት ውሻ መያዝ ስለሚችል በሁለት ሦስት ሳምንት ይገባዋል። ፎቅ ላይ ያላችሁ ክትባቱ እስኪያልቅ ሳፋ፣ ከዚያ ሳፋውን እያነሳችሁ ወደ ደጅ። የማትችሉት ነገር ሰኞ ጋዜጣ፣ ማክሰኞ ሳጥን፣ ረቡዕ ደጅ ማድረግ ነው። ከአንዱ ጋር ቢያንስ አንድ ወር ቆዩ። ቤተሰቡም አንድ ቃል ይናገር፤ እኔ ሳወጣው እማዬ ጓዳ ውስጥ ጋዜጣ ስታነጥፍለት አሥር ቀን ጠፍቶብናል።

ሲያመልጠው

እጅ ከፍንጅ ከያዛችሁት ጭብጨባ ወይም "ኧረ!" ይበቃል፣ ታቅፋችሁ ወደ ደጅ። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባል ምክር ትሰማላችሁ። እኔም ሰምቼ አድርጌዋለሁ፣ አንድ ቀን፣ ተናድጄ። የተማረው "ሰው ፊት መሽናት ያስቀጣል" የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ደጅ ሳወጣው እያየኝ አልሸናም አለ፣ ስገባ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሄዶ ለቀቀው። ያን ለማስረሳት ሦስት ሳምንት ቆጡ ጀርባ ፊቴን አዙሬ ቆሜያለሁ። ካጠፋ በኋላ የሚያሳየው ያ የተሸማቀቀ ፊት ጸጸት እንዳይመስላችሁ። የእናንተን ፊት ነው የሚያነበው።

ማጽጃው ትልቅ ጉዳይ ነው። አፍንጫው ሽታውን እስካገኘ ድረስ ያ ቦታ ሽንት ቤቱ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጡት፣ አታሹት። ከዚያ አቼቶ በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ምጠጡት። ሽንትን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ካገኛችሁ ከአቼቶም ይበልጣል። በረኪና ግን ተዉት። እርጥብ ሽንት ላይ ሲፈስ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘማ ሳንባ የሚጎዳ ነው፣ ፈጽሞ አታደባልቁ። ሊሾ ወለል ሽንት ስለሚመጥ አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስቴ ይደገም።

ምግቡም በሰዓት ይሁን። ሦስት ወር እስኪሞላው በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ሳህኑ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይነሳ። በሰዓቱ የገባ በሰዓቱ ይወጣል። ውኃ ግን አትከልክሉት፤ ከመተኛቱ በፊት አንድ ሰዓት ገደማ ማንሳት ይበቃል። የላም ወተት ብዙ ቡችላ ያስቀምጠዋል፣ የሚያስቀምጠውን ደግሞ ማንም አያስለምደውም። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ደሙን ይጎዳል። በግ ስታርዱ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ከዚያ የሚይዘው ትል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በግ ለበዛበት አገራችን ይህ ቀልድ አይደለም። ወስፋት የሌለበት ቡችላም ብርቅ ነው፣ መድኃኒቱን ገና በሁለት ሳምንት ዕድሜው ይጀምራል፣ ልጆችም ዓይነ ምድሩን በእጃቸው አይንኩ።

ለምዶ የነበረ ቡችላ ድንገት ቤት መሽናት ከጀመረ፣ ቶሎ ቶሎ ዝቅ እያለ ጠብታ ብቻ ካወጣ፣ ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ዘዴ አትቀይሩ፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ከሆነማ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ።

ለመደ የሚባለው አንድ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ሳያመልጠው ሲቀር ነው። ያኔ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ክፈቱለት፤ ለቡችላ ያልገባበት ክፍል ደጅ ነው። ቡላ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። በሰባት ወሩ እግሩን ማንሳት ሲጀምር የሳሎኑን ወንበር እግር ሞክሮ ነበር፣ አንድ ጊዜ። ሌሊት አይነሳም፣ ጠዋት 12 ሰዓት መጥቶ አገጩን አልጋው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ "በደንብ ለምዷል" ብላ ትናገርለታለች። ባናውን ግን እስካሁን ከልብስ ሳጥኑ አላወጣችውም።